የጥንቸሏ ጥግ

ጠይባ በግንባሯ ተደፍታ፣ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ወለል ላይ ተገኘች። የራስ ቅሏ ከኋላ ተሰብሯል። ደሟ ሻሿን አርሶ በሲሚንቶው ላይ ከተንጣለለ በኋላ በበሩ ደፍ ሥር ረግቷል። ሦስት ምት ነበር፤ ሁለቱ ያረፉባት ከወደቀች በኋላ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኢንስፔክተር የወይንሐረግ ከሰበታ ገበያ ጀርባ ወዳለው ወደዚህ ግቢ ስትገባ ጎረቤቱ አጥር ተደግፎ ይላቀስ ነበር። ሃምሳ ዓመት የተጠጋት፣ አጭር፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናግራ የማታውቅ መርማሪ ናት። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የሟችን ቀኝ እጅ በጓንት አነሳች።

«ሞቲ፣ ጥፍሯን አየኸው?»

ረዳቷ ሳጅን ሞቲ ጎንበስ አለ። «ቆዳ ገብቶበታል። ቧጥጣዋለች።»

«ወይም ቧጥጣታለች። ሁለቱንም እጇን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑልኝ። መምቻውስ?»

«የቤቱ ዘነዘና ነው። ከኩሽና ተወስዶ ከአጥሩ ውጪ ቦይ ውስጥ ተጥሏል። ውሃው አጥቦታል፤ አሻራ አይገኝበትም።»

የወይንሐረግ ቀና አለች። በክፍሏ ጥግ ከእንጨትና ከሽቦ የተሠራ የጥንቸል ቤት አለ። ውስጡ ሦስት ወር ያልሞላት ነጭ ጥንቸል ትንቀጠቀጣለች። እጇን ሰደደችና ጀርባዋን ዳሰሰች። ጸጉሯ እስከ ቆዳዋ ርሷል።

«በዚህ ብርድ ማን ነው ያጠባት?» አለች ለራሷ።

የሰው ደም ወለሉን አጨቅይቶት ማንም ሊጠርገው አልሞከረም። የጥንቸሏ ቤት ግን እንደ እንግዳ አልጋ ተሰናድቷል። ጥድ ጥድ የሚሸት ትኩስ ሰጋቱራ በወፍራሙ ተነጥፎበታል። በቀኙ ጥግ በረኪና የሚሸት ባዶ ሳፋ ተቀምጧል። በግራው ጥግ ደግሞ ሰጋቱራው በሽንት ርሶ፣ ጥቂት በጠጥ ተበትኖበታል። መስኮቱ ላይ የጸጉር ብሩሽ፣ የጥፍር መቁረጫና ሞረድ ተደርድረዋል። ከሥራቸው በተነጠፈው ጋዜጣ ላይ ቀጫጭን የጥፍር ቁርጥራጮች አሉ።

ሞቲ ከሟች ቀሚስ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከሰባት ዓመት በፊት የደረሰ የትራፊክ አደጋ ማስረጃ ነው። የጠይባ ባል የህያ፣ ተፍኪ አቅራቢያ፣ በጅማ መንገድ ላይ፣ በጭነት መኪና ተገጭቶ መሞቱን፣ አሽከርካሪው መሰወሩን፣ መኪናውም አለመታወቁን ይናገራል።

«ሰው ቅዳሜ ጠዋት ይህን ከሣጥን የሚያወጣው ለምንድን ነው?» አለች የወይንሐረግ።

ሬሳውን ያገኘችው የሟች ታናሽ እህት ሬሐና ናት። ከባሏ ሸሽታ ከሱሉልታ እዚህ ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነው። ከዓይኗ ሥር ያለው ሰንበር ወደ ቢጫነት ተለውጧል። ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ገበያ ነበረች።

«የጥንቸሏን ቤት ዛሬ አንቺ ነሽ ያነጠፍሽው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ደግሞ እኛ ጋ ሰጋቱራ አይነጠፍም። ከሥር ጋዜጣ፣ ከላይ ድርቆሽ ነው። ብናኙ አፍንጫዋን ያሳምማታል፣ የጥድ ሽታም አይስማማትም ብላ እህቴ ታስጠነቅቀኝ ነበር።»

«ሳፋውስ?»

«መጸዳጃዋ ነው። መጀመሪያ ቀኝ ጥግ ነበር፤ እሷ ግን ግራው ላይ እየሄደች ትሸናለች። ሩቲ፣ ጥንቸሏን የሸጠችልን ልጅ፣ ‹አትታገሏት፣ የመረጠችውን ጥግ ስጧት፣ ከሸናችበት ድርቆሽም ጥቂት ሳፋው ውስጥ ተዉላት› አለችን። ማክሰኞ ወደ ግራ አዛወርነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከሳፋው ውጪ አልሸናችም።»

«መዛወሩን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ እህቴና ሩቲ።»

«ዓይንሽን የመታሽ ማነው?»

ሬሐና መሬት መሬት አየች። «ባሌ ኡበይድ። ሐሙስ ደግሞ እዚህ ደጅ ድረስ መጥቶ በጸጉሬ ጎተተኝ፤ ፊቱን ቧጠጥኩት። እህቴ በድንጋይ አባረረችው። ‹አንቺን ገድዬ እሷን እወስዳለሁ› ብሏት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«ግቢው ውስጥ ሌላ ማን ይኖራል?»

«አክመል ነው፣ አናጢው። አምስት ዓመት ተከራይቶ ኖሯል። እህቴን ሊያገባት ነበር። ሽማግሌ ልኮ እሺ ብላው ኒካሁ ለመጪው አርብ ተቆርጧል። ምስኪን! እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ።»

አክመል ከግቢው በር አጠገብ ባለው የእንጨት መሥሪያ ክፍሉ፣ ጣውላ ላይ ተቀምጧል። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። በሩ ላይ የሰጋቱራ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ሊዘግንባቸው ይችላል።

«ኦቦ አክመል፣ ጀባዳ፣ ይበርቱ» ሲል ሞቲ በኦሮምኛ አጽናናው።

የወይንሐረግ ግን የተጠቀለለ እጅጌውን ታይ ነበር። ከክርኑ በታች አራት ቀያይ ጭረቶች አሉ። አንደኛው ጠልቋል።

«ክንድዎን ምን አገኘው?»

«ጥጥዬ ናት፣ ጥንቸሏ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ላቅፋት ስል ቧጠጠችኝ።»

«ቤቷን የሠሩላት እርስዎ ነዎት?»

«በገዛ እጄ። ለመጸዳጃዋ ሳይቀር በቀኝ ጥግ ቦታ ለክቼ አበጀሁላት።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። «ጠይባ ደስ እንዲላት ብዬ።»

«በዚያ ሰዓት ከሄዱ በኋላ ወደ ጓሮ ተመልሰዋል?»

«አልተመለስኩም። መጋዝ ስለከፈትኩ ምንም አልሰማሁም።»

«ትናንት ከሰዓትስ?»

«ዓለም ገና በር ልገጥም ሄጄ አመሸሁ።»

«አናጢነት የቆየ ሙያዎ ነው?»

«የለም። ፊት የጭነት መኪና ነበር የምነዳው፣ በጅማ መንገድ። ከተውኩት ሰባት ዓመት ሆነኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ ጠየቀ። «ኡበይድን አልያዛችሁትም?»

ኡበይድ የተያዘው እኩለ ቀን ላይ፣ ዓለም ገና ሚኒባስ መሳፈሪያ ነው። ሲይዙት የአንዱን ፖሊስ ከንፈር በቡጢ ተረተረ። ጣቢያ ሲያስቀምጡት በካቴና የታሰረ እጁን ጠረጴዛው ላይ ደበደበ። ጉንጩ ላይ ያለው ጭረት ደርቆ ቅርፊት ይዟል።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚያው ዓለም ገና። ሚስቴን ልወስድ እየመጣሁ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል! እኔ አልገደልኳትም። የገደላት ግን እጁ ይባረክ።»

«ጥንቸሏንስ ምን አደረግሃት?»

«የምን ጥንቸል? ያቺን አይጥ ነው?» ኡበይድ ሳቀ። «ባገኛት አንገቷን ጠምዝዤ እወረውራት ነበር።»

ሞቲ ከክፍሉ ሲወጡ «አለቀ እኮ፣ ኢንስፔክተር» አለ። «ዛቻ አለ፣ ጭረት አለ፣ ምስክር የለውም።»

«ይህ ሰው ጥንቸል የሚያጥብ ይመስልሃል?» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ሩቲ ከቡራዩ ተጠርታ መጣች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ግልገል ጥንቸሎች ለሁለት ደንበኞች ስታሳይ እንደነበር ራሳቸው ደንበኞቿ በስልክ አረጋግጠዋል። ሁለት እጆቿ ጭረት በጭረት ናቸው። ጥጥዬን ስታይ ከሁሉ በፊት ፎጣ ጠይቃ ጠቀለለቻት።

«ማን ነው ያረጠባት? ጥንቸል እኮ አይታጠብም! በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች። ቆሻሻ ከነካት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ፣ ከዚያ በብሩሽ ማበጠር ነው። እትዬ ጠይባም፣ ሬሐናም በደንብ ያውቃሉ።»

«እጅሽን እሷ ናት እንዲህ ያደረገችሽ?»

«አንዳንዱን። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ መጥቼ ጸጉሯን አበጥሬ ጥፍሯን ስቆርጥ ታገለችኝ። ከተቆረጠና ከተሞረደ በኋላ ግን ደህና ናት። ይኸው።» የጥንቸሏን መዳፍ ይዛ የመርማሪዋን ክንድ ጫን ብላ ጎተተችበት። ጥፍሩ ለስላሳ ነበር። ቆዳው ላይ መስመር እንኳ አልወጣም።

የወይንሐረግ ክንዷን አተኩራ አየች። ከዚያ «ሁሉንም ሳሎን ሰብስብልኝ» አለችው ሞቲን።

ተሰበሰቡ። ሬሐና ምንጣፉ ላይ፣ ሩቲ ጥንቸሏን አቅፋ በጎኗ። ኡበይድ በካቴና በሁለት ፖሊሶች መሐል። አክመል በሩ አጠገብ፣ የሥራ ሽርጡን እንደታጠቀ ቆሟል። የወይንሐረግ በመሐላቸው ቆማ፣ ቀስ እያለች ጀመረች።

«ገዳዩ ወለሉን ትቶ የጥንቸሏን ቤት አጸዳ። ይህ ነው መጀመሪያ የገረመኝ። የጠይባ ደም በየቦታው ተንጣልሎ እያለ ድርቆሹ ላይ ያለውን መደበቅ ምን ይጠቅማል? ምንም። ድርቆሹ ላይ የራሱ የገዳዩ ደም ከነበረ ግን ይጠቅማል። ጠይባ ቧጥጣዋለች። ደሙ ጥንቸሏን መልሶ ሲያስገባ ተንጠባጠበ። ስለዚህ ድርቆሹን አውጥቶ ሰጋቱራ አለበሰው፣ ሳፋውን በበረኪና አጠበ።»

«ሰጋቱራ ያለው አናጢው ነዋ!» አለ ኡበይድ።

«ከረጢቱ በር ላይ ነው። አንተም መዝገን ትችል ነበር። ሰጋቱራው ማንንም አይከስም። ሁለተኛው ነገር ግን የጥንቸሏ መታጠብ ነው። ነጭ ጸጉሯ ላይ የጠይባ ደም ፈስሶባት ነበር፤ ገዳዩም እንደዚያ ሆና ሊያያት አልቻለም። የሰው ራስ ቅል ሰብሮ ለጥንቸል አዘነ። አንተ ኡበይድ፣ ለሚስትህ ያላዘንክ ሰው፣ ባልዲ ሞልተህ ጥንቸል አታጥብም። ጉንጭህ ላይ ያለውም የሐሙስ ነው፤ ቅርፊት ይዟል።»

ኡበይድ በታሰረ እጁ ጉንጩን ዳሰሰ።

«ስለዚህ የሚወዳት ሰው ነው። ግን አያያዟን የማያውቅ። ሩቲና ሬሐና ጥንቸል ውሃ ውስጥ እንደማይነከር ያውቃሉ፣ ሰጋቱራም አያነጥፉላትም። ከሁሉ በላይ ሳፋውን ወደ ግራ ጥግ ይመልሱት ነበር። ገዳዩ በድንጋጤ ሁሉን ካወጣ በኋላ ሳፋውን ያስቀመጠው ቀኝ ጥግ፣ ድሮ በሚያውቀው ቦታ ነው። ጥጥዬ ግን ከለመደችው ጥግ አልተነሳችም፤ ሰጋቱራው ላይ ሸናች።» ወደ በሩ ዞረች። «አቶ አክመል፣ ክንድዎን የቧጠጠችዎት ዛሬ ጠዋት ነው ያሉኝ?»

«አዎ» አለ አክመል።

«እርስዎ ትናንት ዓለም ገና በነበሩበት ሰዓት ሩቲ ጥፍሯን ቆርጣ ሞርዳዋለች። እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ያን ክንድ የቧጠጠው የሰው ጥፍር ነው። ከጠይባ ጥፍር ሥር የወጣው ቆዳ ለምርመራ ተልኳል።»

«ሊያገባት ነበር እኮ!» ሬሐና ጮኸች። «ለምን ብሎ?»

«እኔም እሱን ነው ስጠይቅ የዋልኩት። ጠይባ ዛሬ ጠዋት የየህያን የአደጋ ወረቀት ከሣጥን አወጣች። ያን ነገር ያነሳባት ሰው አለ። እርስዎ ደግሞ በዚሁ መንገድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ልክ የዛሬ ሰባት ዓመት ተዉ።»

አክመል ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«እኔ ነኝ የገጨሁት» አለ። «ተፍኪ ሳልደርስ። ሁለት ዓመት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሚስቱ የት እንዳለች ጠይቄ መጥቼ ተከራየሁ። ጣሪያዋን ጠገንኩ፣ አጥሯን አጠርኩ። መውደዴ አልቀረም። ኒካሁ ሲቀርብ ሳልነግራት ላገባት አልቻልኩም። ጠዋት ጥጥዬን እያበጠረች ሳለ ነገርኳት። ገብታ ወረቀቱን አምጥታ ቀኑን አነበበችልኝ። ‹ይህችን ላስገባና ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን› አለችኝ። ለመንኳት። እጇን ያዝኳት፣ ቧጠጠችኝ። ጥንቸሏን ልታስገባ ፊቷን ስታዞርብኝ ከኩሽና ያነሳሁት ዘነዘና በእጄ ነበር።»

«ጀርባዋን ሰጥታህ ነው?» አለች ሬሐና።

የአክመል እጅ ወደ ሽርጡ ኪስ ገባ። ሲወጣ መሮ ይዟል፤ ወደ ገዛ ጉሮሮው ሰነዘረው። ሩቲ ጮኸች። የወይንሐረግ ቅርቡ ስለነበረች ስለቱን በባዶ እጇ ጨበጠችው፤ መዳፏን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። ሞቲ አክመልን በጉልበቱ ወለሉ ላይ ደፍቶ ካቴና አስገባበት።

«አይሞቱም» አለች እያለከለከች፣ በተሰነጠቀ እጇ ላይ ሻሽ እየጠመጠመች። «ይጠየቃሉ።»

ሬሐና ተነስታ በላዩ ቆመች። «አንድ ነገር ንገረኝ። የህያ ያን ቀን ወዲያው ነው የሞተው?»

አክመል ፊቱን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «ወርጄ አይቼዋለሁ» አለ። «ውሃ ለመነኝ። የሌላ መኪና መብራት ስላየሁ ጥዬው ሄድኩ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ እህቴ እጅህን አስታጥባ አበላችህ» አለችው።

አክመልን ሲያወጡት ኡበይድ የታሰረ እጁን ወደ ፖሊሶቹ ዘረጋ። «እንግዲህ ነጻ ነኝ፤ ፍቱኝ። አንቺም በይ ተነሺ፣ ዕቃሽን ያዢ። ቤታችን እንገባለን።»

ሬሐና አላየችውም። እያየች የነበረው የወይንሐረግን ነው። ሁለት ጉንጮቿ በእንባ ርሰዋል፣ ድምጿ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ በዚህ ሰውዬ ላይ ቃሌን መስጠት እፈልጋለሁ። አሁኑኑ።»

«ደክሞሻል፤ ነገም ይሆናል።»

«ነገ አይሆንም። እህቴ ነገ አልደረሰላትም።»

የወይንሐረግ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። ኡበይድ እየተሳደበ፣ በሩን በእግሩ እየደበደበ ተወሰደ። እሷ ምንጣፉ ላይ ከሬሐና ፊት ለፊት ተቀመጠች። ቀኝ እጇ ስለማይጽፍ ብዕሩን ለሞቲ ሰጠችው።

«ከየት ልጀምር?» አለች ሬሐና።

«ከመጀመሪያው ጥፊ።»