ከመስመሩ በታች

ጠጠር እህቷን ከተቀየመቻት አራት ዓመት ሆናት። የተቀየመቻት ጥላት ስለሄደች አይደለም፤ መሄድማ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሄዳል። የተቀየመቻት በመስመሩ ነው።

እህቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ከምትሠራበት አገር በስልክ የምትልከው ጽሑፍ ሁልጊዜ ለሁለት የተከፈለ ነው። መሀሉ ላይ ሰረዝ ደርድራ መስመር ታሰምርበታለች። ከመስመሩ በላይ ያለው የእናታቸው ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው የጠጠር ብቻ። እናትየው ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ጠጠር የላይኛውን ጮክ ብላ ታነብላታለች፤ የታችኛውን በዓይኗ አንብባ ዝም ትላለች። ይህ ሲጀመር አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እኩዮቿ ያኔ ገመድ ይዘሉ ነበር።

«ምናለ ደውላ ብታወራኝ?» ትላለች እናትየው አንዳንድ ጊዜ።

የዚህም መልስ ከመስመሩ በታች ነበር፦ «ድምፄ ያሳብቅብኛል።»

የእናቷ ሹሩባ ቤት አንድ ክፍል ነው። በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል፤ ውስጡ አንድ ትልቅ መስታወት፣ አንድ ወንበርና ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አግዳሚ አለ። ቤቱ የፀጉር ቅባት ይሸታል። መስታወቱ ጥግ ላይ የእህቷ ፎቶ ተሰክቷል፤ ሰፊ ሳሎን ውስጥ፣ ፊት የሚያሳይ ወለል ላይ ቆማ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ፈገግ ብላለች።

ሰው ሁሉ «እጇ ይቀናል» ይላል እናትየውን። ልጇ ሄዳ ተሳክቶላታላ! ስለዚህ ወደ ውጭ የምትሄድ ልጅ ሁሉ ከመሳፈሯ በፊት እሷ ዘንድ መጥታ ሹሩባ ትሠራለች። እናትየውም ቀጠን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትሠራቸው፤ «እዚያ ማን ያበጥርልሻል፣ ሦስት ወር ይቆይልሽ» እያለች። ከመንገደኛ ደግሞ ምንም አትቀበልም። ብቻ አንድ ልማድ አላት። ሹሩባው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ጠጠርን ትጠራና «ነይ የእህትሽን አንብቢላት፤ ልቧ ይረፍ» ትላለች።

ጠጠር ታነባለች፤ የላይኛውን። ባለፈው ዓመት ሦስት ልጆች ሰምተው ሄደዋል። ከሦስቱ አንዷ፣ የሽንኩርት ሻጯ ልጅ፣ ድምጿ ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖታል። ሽንኩርት ሻጯ ባለፈች ባገደመች ቁጥር በሩ ላይ ቆም ትልና «ያው አንድ አገር አይደሉ? እህትሽ አላየቻትም?» ትላለች። ጠጠር ይህን ጥያቄ ለእህቷ ከላከች ሁለት ሳምንት አልፏታል።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠጠር ከሱቅ ማበጠሪያ ገዝታ ስትገባ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ረጅሟ ነበረች።

ረጅሟ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤት አልመጣችም፤ አሞኛል ብላ ነበር።

«አንቺ! ታመሻል አልተባለም እንዴ?»

«ተሻለኝ» አለች ረጅሟ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት።

«ፈተናው እኮ ሰኞ ነው።»

«ለሚፈተን ሰው ንገሪው።»

ጠጠር ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆመች። ማንም አልነገራትም፤ መንገርም አላስፈለገም። ፈተናዋን ትታ እዚያ ወንበር ላይ ፀጉሯን ፈታ የምትቀመጥ ልጅ የት እንደምትሄድ ታውቃለች።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

«አሥራ አምስት ዓመትሽ ነው!»

«ቀስ በይ እንጂ፤ ፓስፖርቴ ላይ ሃያ ሦስት ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ አንቱ በይኝ።»

አግዳሚው ላይ ተራ የምትጠብቀው የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በሳቅ ፈነዳች። «ዕድሜ የሚቀንስ ደላላ ካለ ደግሞ ለእኔ ላኪልኝ! ይሄን ሁሉ ዓመት ብቻዬን ተሸክሜው ትከሻዬ አለቀ።»

እናትየውም ሳቀች። «ልጅ ናት ብዬ እኔም በመጀመሪያ ፈርቼ ነበር» አለች የረጅሟን ፀጉር በጣቶቿ እየበታተነች። «ግን የኔይቱ ስትሄድ አሥራ ሰባት ዓመቷ አልነበረም እንዴ? ይኸው ሰው ሆነች። ጠጠር፣ ውሰጂና እጠቢልኝ። ሳሙናው በደንብ ይልቀቅ።»

ቧንቧው ጓሮ ነው። ረጅሟ ጎንበስ አለች፤ ጠጠር በጆግ ውሃ አፈሰሰችባት። ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ረጅሟ «እህህ!» ብላ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ስሚኝ፤ እንዳትሄጂ» አለች ጠጠር።

«ጀመረች!»

«እህቴ እዚያ ደህና አይደለችም። የራሷ ክፍል የላትም። የምትተኛው ኩሽና ውስጥ፣ የልብስ ማጠቢያው ጎን ነው። ይመቷታል።»

ረጅሟ ጎንበስ እንዳለች ሳቀች፤ ግን የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ ያነበብሽው? ባለፈው ዓመት ጎረቤቴን ሲሠሯት እኔም እዚያ አግዳሚ ላይ ነበርኩ። "የራሴ ክፍል አለኝ፤ መስኮቱ ወደ አትክልት ነው የሚያየው" ብለሽ አነበብሽ። ቃል በቃል ልንገርሽ? እኔ አገሩን ያወቅሁት በአንቺ አፍ ነው።»

ጠጠር ጆጉን ደግማ ሞላች።

«የላይኛው ነው እሱ። ለእማዬ የሚጻፈው። እውነቱ ከሥር ነው።»

«አሳይኛ!»

«ስልኩ እማዬ ኪስ ውስጥ ነው።»

«እህ! ይኸው!» ረጅሟ ቀና አለች፤ ውሃው በፊቷ ላይ ወረደ። «ስሚ፣ ልንገርሽ። አባቴ የሚሠራበት ጋራዥ ከተዘጋ ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት ይላጫል፣ ጫማውን ይጠርጋል፣ በር ላይ ይቀመጣል። "የት ልትሄድ ነው አባዬ?" ስለው "መጣሁ" ይለኛል። የትም አይሄድም። ወንድሜ ዲግሪውን በፍሬም አሰቅሎ ገበያ ላይ የሰው ዕቃ ይሸከማል። እኔ ሰኞ ብፈተን፣ ባልፍስ? ምን ልሁን? ከዚያች ፍሬም ጎን ልሰቀል?»

ጠጠር ጆጉን አስቀመጠች። የሚያናድደው ረጅሟ የምትለው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው።

«ወይም ደግሞ ቅናት ነው» አለች ረጅሟ ፎጣውን ከትከሻዋ ላይ እየሳበች። «እናንተ አልፎላችኋል። ሌላ ሰው ሲያልፍለት አትወዱም።»

ገቡ። እናትየው ፀጉሩን በማበጠሪያው ጭራ ከፈለችው። ጠጠር ከጎኗ ቆማ ዊግ እየቆነጠረች ማቀበል ጀመረች። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ስለ ዱቄት ታማርራለች። አንድ ወገኑ አለቀ። ረጅሟ በግራ ትልቅ ሴት፣ በቀኝ ደግሞ ገና ከእንቅልፏ የተነሣች ልጅ መሰለች።

«በይ እንግዲህ» አለች እናትየው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን ከኪሷ አወጣች። «ትናንት ነው የመጣው። ሰው ባለበት ይነበብ ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ነይ አንብቢላት፤ ልቧ ይረፍ።»

ጠጠር ስልኩን ተቀበለች።

«"እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?"» ብላ ጀመረች። «"እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራውን ለምጄዋለሁ፤ አይከብደኝም። የቤቱ ሰዎች እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። በዚህ ሳምንት ባሕሩ ጋ ወስደውኝ ነበር። ልጆቹ አሸዋው ላይ ሲጫወቱ እኔ ቁጭ ብዬ ነፋስ ስቀበል ዋልሁ። አንቺ ብቻ ብዙ አትቁሚ፤ እግርሽ እንዳያብጥ። ስለ እኔ እንዳታስቢ።"»

«እሰይ!» አለች የዳቦ ቤቷ ሴትዮ። «ነፋስ መቀበል! እኔ የምቀበለው ጭስ ብቻ።»

«ሰማሽ ልጄ?» አለች እናትየው የረጅሟን ትከሻ መታ መታ አድርጋ። «እንዲህ ነው።» ጣቶቿን መልሳ ፀጉሩ ውስጥ አስገባች።

የጠጠር ዓይን ግን መስመሩን ዘልቆ ወርዶ ነበር። አንብባ ጨረሰች። ደግማ አነበበች።

ረጅሟ በመስታወቱ ውስጥ አፍጥጣ ታያታለች። «አለቀ?» አለቻት።

አለቀ ብትል ያልቃል። እናቷ ሌላውን ወገን ትሠራለች፣ ሰኞ ዴስኩ ላይ ጠጠር ብቻዋን ትቀመጣለች፣ ሐሙስም ይደርሳል። እናቷም ደስ እንዳላት ታመሻለች። እህቷ የለመነችው ይኸንኑ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ለምና አታውቅም።

«አላለቀም» አለች ጠጠር።

«ምን አልሽ?» አለች እናትየው።

ጠጠር ጉሮሮዋን ጠራረገችና በዚያው የላይኛውን ባነበበችበት ድምፅ ማንበብ ቀጠለች።

«"ጠጠር፣ ይሄ ያንቺ ነው። የምጽፈው በግራ እጄ ስለሆነ ፊደል ብስት እንዳትስቂብኝ። የቀኝ እጄ ጣቶች አልታጠፍ ብለዋል። በረኪናው በልቷቸው ተሰነጣጥቀው ነበር፣ አሁን ደግሞ መግል ይዘዋል። ሐኪም ውሰዱኝ ስላቸው ሴትዮዋ ጓንት ለምን አታደርጊም አለችኝ፤ ጓንቱን የቆለፈችበት እሷ ናት። ውሌ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ልሂድ ብላቸው ፓስፖርቴን አልሰጥ አሉኝ። ስለ ሽንኩርት ሻጯ ልጅ ጠይቀሽኛል። የት ላያት እችላለሁ? እኔ ራሴ ከዚህ ቤት በር ከወጣሁ ስምንት ወር አለፈኝ። ሹሩባ መሥራት እንደማልችል ለእማዬ እንዳትነግሪያት። የተረፈኝ የእሷ ሙያ ነበር።"»

መንገድ ላይ መኪና አለፈ። የእናትየው ጣቶች የረጅሟ ፀጉር ውስጥ እንደገቡ ቀሩ።

«ውሸትሽን ነው» አለች እናትየው በመጨረሻ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። «ጓደኛዬ አትሄድብኝ ብለሽ ነው ይሄን የፈጠርሽው።»

«እማዬ—»

«በእህትሽ ላይ? በእህትሽ እጅ ላይ እንዲህ ይወራል? ጨካኝ!»

ጠጠር ምን ብላ ታስረዳለች? አራት ዓመት ሙሉ ግማሹን ብቻ ያነበበች ልጅ ዛሬ ሙሉውን ብታነብ ማን ያምናታል? ስልኩን ለእናቷ ዘረጋችላት። እናትየው ተቀብላ አየችው፤ ገለባበጠችው፤ ፊደሎቹ ግን ለእሷ ምንም አልነገሯትም።

ያኔ ረጅሟ እጇን ዘረጋች። «እትዬ፣ ይስጡኝ።»

አነበበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ሁለት ጊዜ ቆም ብላ ተመልሳ አነበበች። ስትጨርስ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ተጽፏል እትዬ» አለች። «ያለችው ሁሉ ተጽፏል። እ... "እንዳትስቂብኝ" የሚለው እንኳ በትክክል አልተጻፈም።»

እናትየው ማበጠሪያውን መስታወቱ ሥር አስቀመጠችው። አግዳሚው ላይ፣ ከዳቦ ቤቷ ሴትዮ ጎን፣ እንደ ደንበኛ ተቀመጠች። እዚያ ተቀምጣ ታይታ አታውቅም። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማጠፍና መዘርጋት ጀመረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከመጀመሪያው።»

«በየጊዜው?»

«በየጊዜው እማዬ። መሀሉ ላይ መስመር አለው።»

«የቱ ነው መስመሩ?»

ጠጠር ስልኩን ከረጅሟ ጭን አንሥታ ወሰደችላትና በጣቷ አሳየቻት። እናትየው ያቺን የሰረዝ ድርድር ረጅም ጊዜ አየቻት። በመዳፏ አፏን ያዘች። አላለቀሰችም።

የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «እኔ እንግዲህ... የእናትና የልጅ ነገር ነው፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

«ይቀመጡ እትዬ» አለች ጠጠር።

ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ አየቻት። ጠጠር በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ግን ሴትዮዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ሌላው ወገንስ?» አለች ረጅሟ ወደ እናትየው ዞራ። ድምጿ የቅድሙ አልነበረም። እሄዳለሁም እቀራለሁም አላለችም። «ደላላው ነገ ጠዋት ይመጣል።»

እናትየው ግን ወደ ጠጠር ነው የዞረችው።

«ሌሎቹ አሉ? አላጠፋሻቸውም?»

«አሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው እማዬ።»

«አንብቢልኝ።»

ጠጠር ከጥግ በርጩማ ስባ ረጅሟና እናቷ መሀል ተቀመጠች። በሩን ልዝጋው ብላ አሰበች። በዚህ ሰዓት መንገዱ ሰው ይበዛበታል፤ ሽንኩርት ሻጯም ከማዶው ጥግ ከነቅርጫቷ ተቀምጣለች። ከዚያ ተወችው፤ ክፍት ይሁን አለች።

የስልኩን ጽሑፍ በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ገፋችው፤ ዓመት ዓመቱን እየዘለለ አሥራ አንድ ዓመቷ እስከነበረበት ድረስ ሄደ። የመጀመሪያውን አገኘችው። መስመሩ ያኔ አጭር ነበር፣ አራት ሰረዝ ብቻ።

«"ጠጠርዬ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለማንም አታንብቢ"» ብላ ጀመረች፣ ከበሩ ውጭ ያለ ሰው እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።