ዓይናማዋ ያላየችው እግር

የነሐሴ አሥራ አንድ ማለዳ እንደ ሌላው የፍልሰታ ማለዳ ነበር። አናቷ ላይ አራት ካሜራ የተተከለባት ነጭ የፖሊስ መኪና በአንድ ሰዓት መጥታ ከደብሩ በር ፊት ቆመች። የላሊበላ ሰው «ዓይናማዋ» ይላታል። የተሳላሚ ኪስ የሚያወልቁ ሌቦች ስለበዙ ከሦስት ወር በፊት የመጣች ናት፤ ከዚያ ወዲህ በበሩ አካባቢ አንድ ቦርሳ እንኳ አልጠፋም።

ጫማ ጠባቂው አባባ የሻው ከእሷ ቀድመው ደርሰዋል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ጉድጓድ ወደ ታች በተፈለፈለ ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ በዚህ ደብር ጫማ የሚወለቀው ከላይ፣ በደረጃው አናት ላይ ነው። ሽማግሌው የራሳቸውን የላስቲክ ጫማ ዳር ላይ አኖሩና ቦታቸውን ጠረጉ።

ኢንስፔክተር ምሥራቅ ወደ ቢሮዋ ስታልፍ ሰላም አለቻቸው።

«ግራ ተረከዝሽ እያለቀ ነው» አሏት ቀና ሳይሉ። «ተጣድፈሽ ነው የምትሄጂ።»

«አንድ ቀን ፊቴንም ቢያዩልኝ ምናለ፣ አባባ?»

«ፊት ይዋሻል፣ ልጄ። እግር ግን መዋሸትን የት ያውቅና!»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሲበተን፣ አባባ የሻው ወደ ጎረቤቱ ግቢ በሚያሻግረው ጨለማ ዋሻ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው በድንጋይ ተመትቷል።

ምሥራቅ በዓይናማዋ የኋላ በር ጎንበስ ብላ ገባች። መኪናዋ መስኮት የላትም። አራት ስክሪን፣ አንድ ወንበር፣ የታመቀ ትንፋሽ። ጥግ ላይ ደሳለ በካቴና ታስሮ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ድሮ ኪስ አውላቂ ነበር፤ አሁን የእንግዳ ሻንጣ ይሸከማል።

«አዛዡ ደውለዋል» አለች ካሜራውን የምትከታተለው ኮንስታብል ሰብሌ። «በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ወልድያ እንዲጫን ብለዋል። ይኸው ምስሉ፤ ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጓተት። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ግማሽ ሰዓት ከዓይናችን ጠፍቷል።»

ምሥራቅ ወደ ደሳለ ዞረች። «ምን አጓተታችሁ?»

«‹ግባና አስቀድስ› ብለው እጅጌዬን ያዙኝ። እኔ ሰው መሀል ገብቼ አንድ ዕቃ ቢጠፋ ማን ሊባል ነው?»

«ዝናቡ ሲመጣስ?»

«ቆርቆሮ ሥር ተጠለልኩ። ኢንስፔክተር፣ ከዚች መኪና ፊት ብቆም ‹ምን ይጠብቃል?› እባላለሁ፤ ዞር ብል ‹ምን ደበቀ?› እባላለሁ። በየት በኩል ልኑር?»

ወደ ስክሪኖቹ ዞረች። «ሰብሌ፣ የአባባን ምስል አሳዪኝ።»

ስክሪኑ ላይ ሰባት ሰዓት ከሃያ ይላል። ዝናቡ ሲወርድ ሽማግሌው ጫማዎቹን ሁሉ በላስቲክ ሸፈኑ። ጥቂት ቆመው ቁልቁል ወደ ጎረቤቱ ግቢ ተመለከቱ። ከዚያ አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ መዝዘው በጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉና በደረጃው ወረዱ። ተመልሰው አልወጡም።

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጫማ ጠባቂ ጫማ ቢያነሳ ምን ይገርማል?» አለች ሰብሌ። «እኛ የሠለጠንነው እጅ እንድናይ ነው፤ ሰው ኪስ የሚገባ እጅ።»

ምሥራቅ ወደ ውጭ ወጣች። አስጎብኚው ወንዴ በሩ ላይ እየተንቆራጠጠ ነበር።

«የጫማ ጥበቃው ለወንድሜ ይሰጥልኝ ብዬ ትናንት ከአባባ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ፤ አልክድም» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ሲገደሉ ግን ከእንግዶቼ ጋር ቅዳሴ ውስጥ ነበርኩ።»

በጎረቤቱ ግቢ በኩል የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ያለው አቶ ምስጋኑ ረጋ ብሏል። የሰፈሩ ጸጥታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው።

«መኪናዋ መጀመሪያ የቆመችው በጎረቤቱ ግቢ በኩል ነበር፣ እመቤት። ወደዚህ እንድትዛወር ማመልከቻ የጻፍኩ እኔ ነኝ። ስገባም ስወጣም አይታኛለች፤ እሷው ትመስክር!»

«በመካከሉስ?»

«በመካከሉማ ሰው ያስቀድሳል!»

ምሥራቅ የደብሩን ዕቃ ቤት ጠባቂ አባ ሰሎሞንን የጎደለ እንዳለ ዕቃቸውን እንዲቆጥሩ ለመነቻቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፊታቸው አመድ መስሎ መጡ። ባለ ሥዕሉ የብራና መጽሐፍ የለም።

ወደ መኪናዋ ተመለሰች። «ሕዝቡ ሲወጣ ያለውን ክፈችልኝ። አሁን እጅ አትይ፤ እግር እይ።»

ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሰብሌ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በደረጃው አናት ተሰበሰቡ። የወልድያው መኪና ሞተሩን አስነስቷል። ደሳለን ከነካቴናው አወጡት።

«አባባ የሻው ከዚህ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ፣ ማስቀደስ የነበረበት ሰው በጎረቤቱ ግቢ በዝናብ ያለ ጫማ ሲሄድ አዩ» አለች ምሥራቅ። «የከተማውን እግር ሁሉ ያውቃሉ። ዋሻው ጫፍ ሊቀበሉት ጫማውን ይዘውለት ወረዱ። ሰውየው መጽሐፉን ሸሽጎ ሲመለስ ዋሻው ውስጥ ተገናኙ። እዚያ ገደላቸው። ከዚያ ጫማው እጁ ላይ ቀረ። ወደ ቦታው እንዳይመልሰው ዓይናማዋ ታያለች። ዋሻው ውስጥ እንዳይጥለው፣ ሬሳ አጠገብ የተገኘ ጫማ ባለቤቱን ይጠራል። ስለዚህ ተጫማውና ከሕዝቡ ጋር ወጣ።»

«መቼም ሁሉም ተጫምቶ ነው የወጣው» አለ ምስጋኑ።

«ደረጃውን ካለፈ በኋላ፣ አዎ። እዚህ ግን ሁሉም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈልጓል። ወንዴ ለራሱም ለእንግዶቹም ሦስቴ አጎንብሷል። አንድ ሰው ብቻ ሳያጎነብስ፣ ከታች ጀምሮ ተጫምቶ አለፈ። ስክሪኑ ላይ ፊትዎ በደንብ ይታያል፣ አቶ ምስጋኑ።»

«ይህ... ምስል ያሳስታል!»

«ሊያሳስት ይችላል። እንግዲያው ጫማችንን እናውልቅ። ደረጃውም የዚህ ግቢ ወለልም ድንጋይ ነው፤ ካልሲ ያረጥባል እንጂ አያጨቀይም።»

ራሷ ቀድማ አወለቀች። ወንዴ አወለቀ፤ ካልሲው እርጥብ ነው። ምስጋኑ አልተንቀሳቀሰም። ሰብሌ ተንበርክካ ማሰሪያውን ፈታችው። የውጩ ቆዳ ንጹሕ ነበር፤ ካልሲው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ የጎረቤቱን ግቢ ቀይ ጭቃ ለብሷል።

ምስጋኑ ዙሪያውን አየ። ከኋላው ደረጃው፣ ከፊቱ ራሱ ያስመጣት መኪና።

«አባባ ምን አሉህ?» አለች ምሥራቅ፤ አክብሮቱ ከአፏ ወጥቶ ሄዷል።

ድምፁ ሲወጣ የእሱ አይመስልም ነበር። «‹ብርድ ይመታሃል ብዬ ነው› አሉኝ። ጫማዬን እግሬ ሥር አኖሩልኝና ቀና አሉ። ነገ መጽሐፉ ሲፈለግ፣ እዚያ ማዶ ያዩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

የደሳለ ካቴና ተፈታ። የእጁን አንጓ እያሸ ከዓይናማዋ ፊት ቆመ፤ መሄድም መቆምም ያቃተው ይመስል ነበር። የወልድያው መኪና ምስጋኑን ጭኖ ሄደ። መጽሐፉ ከሱቁ ጓዳ ተገኘ።

በማግስቱ ዓይናማዋ በአንድ ሰዓት መጥታ ቦታዋ ላይ ቆመች። ምሥራቅ ስታልፍ ስለ ተረከዟ ምንም ያላት የለም። የላስቲኩ ጫማ ዳር ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሊያስቀድሱ የመጡት አንድ ጊዜ ቆም አሉና ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ። በደረጃው አናት ላይ ጫማ የሚጠብቅ ሰው የለም።