የኤመሪክ ዥዋዥዌ

«ሦስተኛውስ?» አለች ቡርጊ።

አሎይስ እጆቹን ከፒያኖው ላይ ሳያነሣ ቀና ብሎ አያት። «የምን ሦስተኛ?»

«ሦስተኛው አንጓ ነዋ። ሁለቱን ዘፈንኩ። ሦስተኛውን የት አደረግኸው?»

«ግጥሙ ሁለት አንጓ ነው ባክሽ። ሌላ የለውም።»

ቡርጊ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። አሎይስ ቀልድ ይወዳል፤ ወንድሟ ኤመሪክ በሕይወት ሳለ ሁለቱ ሲገናኙ የቤቱ ደረጃ በሳቃቸው ይናወጥ ነበር። አሁን ግን ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የጻፈውን የሙዚቃ ወረቀት ከላይ እስከ ታች እንደገና ቃኘ። ከኖታው ሥር ሁለት አንጓ ብቻ ነበር የተጻፈው።

ግጥሙ የኤመሪክ ነው። ካለፈው የካቲት ወዲህ ከኤመሪክ የቀረ ነገር ቢኖር እሱ ነው። የክረምቱ ሳል ሳንባውን ሲበላው ከርሞ፣ ገና አሥራ ሰባት ሳይሞላው ወሰደው። ጓሮ ስላለው ዥዋዥዌ የጻፈውን ይህን ግጥም አሎይስ ዜማ እንዲያወጣለት፣ ቡርጊ ደግሞ እንድትዘፍነው ያኔውኑ ተስማምተው ነበር። ለዚህም ሲል ሦስቱንም አንጓ በቃሏ አስጠንቷታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ አንዲት ቃል ስትስት እየተቆጣ፣ እስኪደክመው ድረስ።

«አሎይስ፣ እየፎገርከኝ ነው?»

«ለምን እፎግርሻለሁ? ድልድዩ ላይ ቆመን በቃሉ ሲለው የሰማሁት ይህንኑ ነው። ሁለት አንጓ ብሎ ሳሉ መጣበትና...» ወረቀቱን አስተካከለ። «እኔም ለትምህርት ረፍዶብኝ ነበር። የቀረ ካለ በኋላ ትነግረኛለህ አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታመመ።»

ኤመሪክ በተቀበረ ማግሥት አሎይስ ወጥ ቤታቸው ተቀምጦ ለእናቷ የነገራትን ቡርጊ ቃል በቃል ታስታውሳለች። ከገና በፊት ኤመሪክ እነ አሎይስ ቤት ሄዶ ዘፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምቶታል፤ ሁለቴም አስደግሞታል፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። እናቷ ያን ቀን የአሎይስን እጅ ይዛ ስማለች።

«ሲሰማው ምን አለ?» አለች ቡርጊ ቀስ ብላ።

«ማን?»

«ኤመሪክ። ከገና በፊት ተጫወትኩለት ብለህ የለ? አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጠፋበት ምሳ የማይበላ ልጅ፣ ሦስተኛው አንጓ የት ገባ አላለህም?»

አሎይስ ብዕሩን ከጆሮው ላይ አወረደ። መልሶ ሰካው።

«ዜማውን መቼ ነው ያወጣኸው?»

«መጋቢት ላይ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ታዲያ ምን ልበላቸው? እናትሽን አይተሻቸዋል እኮ ያን ቀን። የሚያጽናና ነገር ሲጠፋኝ... አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። ይህኛው ግን ሦስት ወር ሙሉ ቤታቸው ውስጥ እየከበደ ነው የከረመው። ቡርጊ ወንድሟ ታሞ ሳለ አልጋው አጠገብ ስትቀመጥ፣ አሎይስ ለምን እንደማይመጣ ኤመሪክ ሲጠይቃት ትዝ አላት። ዜማውን እያስተካከለ ነው ትለው ነበር። የዋሸችው እሷም መሆኗ አሁን ገና ገባት።

«በይ እሺ» አለ አሎይስ ወንበሩን ወደ ፒያኖው እየጎተተ፣ «ሦስተኛውን በይልኝ።»

ቡርጊ እንደ ሸምዳጅ ተማሪ በአንድ ትንፋሽ አለችው፦

ተዪኝ እህት ዓለም፣ ከእንግዲህ አትግፊኝ፤
እጄ ገመድ ለቋል፣ ወዲያ ማዶ ላይ ነኝ።
ባዶው ዥዋዥዌ፣ ሲሄድ ሲመላለስ፣
አትንኪው አደራ፣ ራሱ እስኪቆም ድረስ።

የአሎይስ ፊት ሲቀላ አየችና ሊያለቅስ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን በጣቶቹ ጉልበቱን እየነካ ቃላቱን መለካት ጀመረ።

«ይገባል» አለ። «ልክክ ብሎ ይገባል። እዪ።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ እነ አሎይስ ዘፈን ሲሠሩ ለመጀመሪያው አንጓ ዜማ ያወጡና የቀሩትን በዚያው ዜማ ያዘፍናሉ። ቤት የሚመታ ግጥም እስከሆነ ድረስ ሁሉም ይገባል። የኤመሪክ ግጥም ደግሞ ሲጀምር ሣቅ ነው፦

ግፊኝ እህት ዓለም፣ ግፊኝ ከፍ ከፍ ልበል፤
ጣሪያው እግሬ ሥር ነው፣ ደመናው ከኔ እኩል።

ስለዚህ የአሎይስ ዜማ ልጅ በዥዋዥዌ ሽቅብ ሲወረወር የሚሰማውን ያስመስላል። ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፍንድቅ ይላል። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ዜማ ነው። አሎይስ አሁን ሦስተኛውን አንጓ እዚያው ላይ አድርጎ ራሱ ዘፈነው። «ወዲያ ማዶ ላይ ነኝ» የሚለው ዜማው የሚፈነድቅበት ቦታ ላይ አረፈ።

ቡርጊ መዳፏን የፒያኖው ቁልፎች ላይ ጣለች። «አቁም።»

«ምን ሆንሽ?»

«አይሰማህም? ወንድሜን እኮ እያስጨፈርከው ነው። ለሦስተኛው ሌላ ዜማ አውጣለት።»

«ቡርጊዬ፣ አታካብጂ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። አሳታሚው ሄር ዎልራብ ስንት ለምኛቸው ነው ሊሰሙን የሚመጡት። እሳቸው የሚያሳትሙት ሰው ቤቱ ተቀምጦ በቀላሉ የሚዘፍነውን ነው። ዜማው መሐል ላይ ከተቀየረ፣ ያውም ወደ ሙሾ፣ አያዩትም። አሁን በሁለቱ እንለፍና ሦስተኛውን በኋላ እሠራዋለሁ።»

«በኋላ» አለች ቡርጊ።

አሎይስ ዐይኑን ሰበረ። ቃሉ የት እንደተባለ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ሦስት ጊዜ ትጫወታለህ» አለች። «ሦስት ነው ያለው፣ ሦስት ይሆናል። አለዚያ ሌላ ዘፋኝ ፈልግ።»

«ትዘፍኚዋለሽ በዚህ ዜማ?»

«አንተ ብቻ ተጫወት።»

ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ለእናትሽ ልትነግሪያቸው ነው?»

ቡርጊ የፒያኖውን ክዳን ዘጋች።

ልትነግራት አስባም ነበር። ዓርብ ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ አፏ ላይ አድርሳው ነበር። እናቷ እጅጌዋን ሰብስባ ጉግልሁፍ እያቦካች ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ኬክ ስታቦካ የመጀመሪያዋ ነው። ጥቁር ልብሷ ዱቄት በዱቄት ሆኗል።

«የሄር ዎልራብን ሆድ የሚያራራ ነገር መጋገር አለብን» አለች እናቷ። «አባትሽ እንኳ ትናንት የፒያኖውን ክር ሲያጠባብቅ አመሸ። በራሱ እጅ የሠራው ፒያኖ ቃና እንዳይስት ፈርቶ።»

«እማዬ...»

«አሎይስ ባይኖር እኔ አብጄ ነበር፣ ታውቂያለሽ?» እናቷ ሊጡን ታሸዋለች እንጂ ቀና አላለችም። «ሌሊት ሲጨንቀኝ ምን እላለሁ መሰለሽ፤ ልጄ ሰምቶታል እላለሁ። ፈልጎ ያጣው ነገር የለም፣ ሰምቶት ነው የሄደው እላለሁ። ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል። ምን ልትዪኝ ነበር?»

ቡርጊ እናቷን አየች። አሎይስን በዚያች ሰዓት ብታገኘው በጥፊ ትለው ነበር።

«ዘቢቡ ይበቃል ወይ ልልሽ ነው» አለች።

ቅዳሜ ወደ ማታ ቤቱ ሞላ። ጎረቤቶች የየራሳቸውን ወንበር ይዘው መጡ። ሄር ዎልራብ ወፍራም፣ እግራቸውን ሪህ የሚያማቸው ሰው ናቸው፤ መስኮቱ አጠገብ አመቻችተው አስቀመጧቸው፤ የጉግልሁፉ ሁለተኛ ቁራጭም ከእጃቸው አልጠፋም። እናቷ ፊት ለፊት ነች። አባቷ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

ቡርጊ የመጀመሪያውን አንጓ ስትዘፍን ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። አንድ ሕፃን እግሩን ከዜማው ጋር ማወዛወዝ ጀመረ። ሁለተኛው ላይ፣ ከከተማው ማዶ ጎዳናው ታየልኝ የሚለው ጋ፣ የእናቷ ከንፈር አብሯት ሲንቀሳቀስ አየች። እናቷ ያ ጎዳና ወዴት እንደሚወስድ አታውቅም። ሦስተኛውን ሰምታው አታውቅማ።

አሎይስ ወደ መጀመሪያው ተመለሰና ዜማውን እንደገና ያዘ። መግቢያዋ ደረሰ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ብትዘፍነው ኤመሪክ እየፈነደቀ ይሞታል፤ ሰዉም ያጨበጭባል። ብትዘለው ደግሞ የለም እንደተባለ ይቀራል። እናቷ ከፊቷ ተቀምጣ በጉጉት ታያታለች። ቡርጊ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው፤ እጆቿንም ደረቷ ላይ ሰብስባ ቆመች።

አሎይስ የዘነጋች መስሎት መግቢያውን ደገመላት። «ግቢ» አለ በሹክሹክታ። አልገባችም። ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ፤ ያኔ ገባው፤ ጣቶቹ ተደናቀፉ። ግን ሄር ዎልራብ ፊት ማቆም አይችልም። መጫወቱን ቀጠለ። ዜማው ሰው ሳይኖርበት ከፍ አለ፣ ወረደ፣ ሄደ፣ ተመለሰ። አንድ ሰው አሳለ። ሕፃኑ እግሩን ማወዛወዙን ትቶ ፒያኖውን አፍጥጦ ያይ ጀመር። ቡርጊ ዜማው ራሱ እስኪቆም ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ከዚያ ጭብጨባው መጣ፤ መጀመሪያ ላላ ብሎ፣ ኋላ ግን ሞቅ አለ።

«ቆንጆ ነገር ናት» አሉ ሄር ዎልራብ ጣታቸውን እየላሱ። «ፈገግ ታሰኛለች፣ ለልጃገረዶችም አትከብድም። ብቻ ሦስተኛውን ዙር ምን አመጣው? ልጅቷ ጭራሽ ጠፋት።»

«ረስታ ነው» አለ አሎይስ። «ገና ልጅ ናት፣ ሰው ስታይ ትደነግጣለች።»

«እንግዲያው ሁለቱ ይበቃል፤ በሁለት አንጓ አሳትማታለሁ። ግጥሙ የማን ነው?»

«የጓደኛዬ... የሞተ ጓደኛዬ።»

«የሞተ?» ሄር ዎልራብ ፊታቸውን ጨምደድ አደረጉ። «በእንዲህ ያለ የጨዋታ ዘፈን ላይ የሟች ስም ደስ አይልም። የገጣሚውን እንተወው፤ ያንተ ስም ይበቃል።»

አሎይስ ወደ ቡርጊ ሰረቅ አድርጎ አየ። እየሰማች ነው። አንድ ቃል፣ አንድ ስም ብቻ ነበር የሚፈለግበት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እርስዎ እንዳሉ ይሁን» አለ።

እንግዶቹ ሲወጡ ደረጃው ላይ ጠበቃት። ዐይኖቹ ቀልተዋል። «ቡርጊ፣ የሚመጣው እሑድ እሳቸው ቤት እንድትዘፍኚ ጠይቀዋል። ይቅር ብለውሻል። እኔ... በሚቀጥለው ሕትመት ስሙን አስገባዋለሁ። በእግዜር።»

«ሌላ ዘፋኝ ፈልግ አሎይስ።»

«ለእናትሽ...»

«አልነግራትም። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ግን ከዛሬ በኋላ ይህን ደረጃ አትውጣ።»

አሎይስ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ቁልቁል ወረደ፤ ቡርጊም የታችኛው በር ሲዘጋ እስክትሰማ ድረስ ቆየች። ያኔ ለኤመሪክና ለአሎይስ ሳቅ የጠበበው ደረጃ ጭር ብሏል።

ስትመለስ እናቷ ሳህን እየሰበሰበች ነበር። አባቷ የፒያኖውን ክዳን ዘግቶ ወደ መኝታ ቤት ገብቷል።

«ረሳሽው እንዴ ልጄ፣ መጨረሻ ላይ?»

«አልረሳሁትም እማዬ። እንዲሁ ነው የሚሆነው። ፒያኖው ብቻውን ነው።»

«ሆዴን ባር ባር አለው» አለች እናቷ። «ያ ሁሉ ጨዋታ ሄዶ ሄዶ...» ሳህኖቹን እንደያዘች በመስኮቱ ወደ ጓሮው አየች፤ ከዚያም ወደ ቡርጊ ዞረች። «ኤመሪክም እንዲህ አድርጎ ነው የሰማው? ሦስቴ?»

ቡርጊ አሎይስ ያን ቀን የእናቷን ፊት እያየ ምን እንደተሰማው አሁን አወቀች። ይቅርታ ግን አላደረገችለትም። ወጥ ቤት ውስጥ ውሸቱን ጥሎ የሄደው እሱ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ከውሸቱ ጋር የምትኖረው እሷ ናት።

«አዎ። ሦስቴ ነው የሰማው።»

«ደስ ብሎት ነበር?»

«በጣም ደስ ብሎት ነበር» አለች ቡርጊ፤ ሳህኖቹንም ከእናቷ እጅ ተቀብላ ልታጥብ ገባች።