የሰባተኛው ኮምፒውተር ውሸት

ደብረ ማርቆስ ብዙ ሞት አይታለች፤ ጫማውን አድርጎ በመሞቱ ከተማውን ያናወጠ ሰው ግን መሪጌታ አካለ ወልድ ብቻ ናቸው።

የተገኙት እሑድ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከከተማው ኮሌጅ የውጭ ደረጃ ግርጌ ነው። በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ጥምጥማቸው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። ደመናው ከማለዳ ጀምሮ የቤቱን ቆርቆሮ ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ሰባት ተኩል ላይ መብራት ሄደና ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ድምፁ ተቆረጠ። ያን ጊዜ የወረደው ዝምታ፣ ከተማይቱ ከተቆረቆረች ወዲህ የመጀመሪያው ነው ቢባል የሚከራከር የለም።

ኢንስፔክተር የብርጓል ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰች። ተጠርታ አልመጣችም፤ ደብተሯን ይዛ ለትምህርት ነው። ኮሌጁ ቅዳሜና እሑድ በሚሰጠው የግራፊክስና ዲጂታል ዲዛይን ተከታታይ ትምህርት ተመዝግባ ሁለት ወሯ ነበር። በፖሊስነት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ የጮቄ ጉም ውስጥ የጠፋ ጥቁር በግ በጥላው ትለያለች ይሉላታል፤ የሚሉትም ቀንሰው ነው። ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ግን ከእሷ የባሰ ሰነፍ በአገሩ አልነበረም። በሁለት ወር የሣለችው አንድ አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ እሱም ሦስቱ ማዕዘን ነበር የተሳካው።

ያችኑ አራት ማዕዘን እንኳ መምህሩ አበባው አልቀበልም ብሏታል። የክፍሉ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች የሰዓት ባትሪያቸው ሞቷል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰዓታቸው ወደ ፈረንጆቹ 2002 መጀመሪያ ቀን፣ ወደ ዜሮ ሰዓት ይመለስና ከዚያ መቁጠር ይጀምራል። አበባው ለክፍሉ ሁሉ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ሥራ ሳትጀምሩ ሰዓቱን አስተካክሉ።

«እትዬ የብርጓል፣ ይሄ የቤት ሥራ አሥር ዓመት ሞልቶታል» ብሎ በሰው ፊት መለሰላት። «ወይ ሰዓቱን አላስተካከሉም፣ ወይ ከድሮ ሰው ገልብጠዋል።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ያን ሰዓት እንደ ሌባ ስትከታተለው ከረመች።

አሁን የተሸፈኑበትን ጋቢ ገለጥ አደረገችና የመሪጌታን እግር አየች። ጥቁር ጫማ አድርገዋል፤ ክሩ በደንብ ታስሯል።

መሪጌታ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዲማ አጠገብ ተወልደው፣ ሠላሳ ዓመት ብራና ላይ ሲጽፉ ኖረው፣ በስተርጅና ትምህርት የገቡት የእጅ ጽሕፈታቸውን አንድ በአንድ የኮምፒውተር ፊደል ለማድረግ ነበር። የቆሎ ተማሪው ሁሉ ደጉሶ እንዲያነብበት ነው ይሉ ነበር። ከሀ እስከ ፐ ያለው ሁሉ ሰባተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦላቸዋል። ፊደል የሚጻፍበት ቦታ በጫማ አይገባም ብለው ጫማቸውን ሁልጊዜ ከደረጃው ግርጌ አውልቀው፣ በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። ብርድ ሆነ ጭቃ አይለውጣቸውም።

«ማን አገኛቸው?» አለች።

«እኔው ነኝ፣ እመቤቴ» አሉ ዘበኛው ጋሽ አበረ። የካፖርታቸው ኮሌታ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። «አዳልጧቸው ነው። እርጅና ነው።»

«ጫማ ያደረገላቸው ሰው አለ?»

«ማንም አልነካቸው። ከጋቢው በቀር።»

«ጋሽ አበረ፣ መሪጌታ በጫማ ደረጃ ሲወጡ አይተው ያውቃሉ?»

«በሞቴ፣ አንድም ቀን።»

«እንግዲህ ከላይ የወደቀ ሰው፣ ከታች የተወውን ጫማ መቼ አደረገው?»

በዚያ ጥያቄ አደጋው ግድያ ሆነ፤ በዚያው ጥያቄ ደግሞ የብርጓል መምህሯን አሳሰረች። ጋሽ አበረ ከመሪጌታና ከመምህሩ በቀር ማንም በበሩ አልገባም ብለው ማሉ። ቅዳሜ ዕለት አበባውና መሪጌታ ሲጯጯሁ አሰገደች የምትባለው ተማሪ ሰምታ ነበር። ለአለቃዋ ለኮማንደሩ ይህ በቂው ነው። ማክሰኞ ጠዋት አበባው በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ተቆረጠ። እናቱ ከአማኑኤል ከተማ መጥተው ጣቢያው በር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ፤ የብርጓል ስትገባም ስትወጣም ቀና ብለው አያዩዋትም።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለችው ሰኞ ማለዳ በጣቢያው።

«ፊደላቸውን አንድ ተማሪ የራሱ አድርጎ ለመመረቂያ ሊያቀርበው ነው አሉኝ። ባሕር ዳር ለዐውደ ርእይ የሚሄደው ሥራ እሱ ነው። ማነው ስላቸው፣ ከራሱ አፍ ሳልሰማ የሰው ስም አላነሣም አሉ። እኔ አሁኑኑ ይንገሩኝ ብዬ ጮኽሁ። ጥፋቴ እሱ ነው።»

«እሑድስ?»

«መብራት ከዓርብ ጀምሮ አልነበረም። እሑድ አራት ሰዓት ላይ ሲመጣ ክፍሉን ከፈትሁላቸውና ሸሚዝ ልተኩስ ወደ ቤቴ ሮጥሁ። እትዬ፣ ነገ የሚያምነኝ ይኖራል?»

ደብተሯን ዘግታ ተነሣች። የማትጠብቀውን ቃል መስጠት አትወድም ነበር።

ሰኞ ረፋድ ቀብር ወጣች። ከአስከሬኑ ፊት ሁለት ሜትር የሚሆን የሐዘን ባነር ተይዟል። የመሪጌታ ፎቶ፣ ግራና ቀኝ የሚያለቅስ ሻማ፣ ከበላዩ በራሳቸው የእጅ ፊደል «ነፍስ ይማር»። እንዲህ ያለ ባነር ለንጉሥም አልተሠራ። ሻማው እንባው ጭምር ያበራል። የብርጓል አንድ አራት ማዕዘን ሁለት ወር የፈጀባት ሴት ናትና ትክ ብላ አየችው።

«ማነው የሠራው?» ብላ አጠገቧ የቆመችውን አሰገደችን ጠየቀች። አሰገደች የቢሮ ጸሐፊ ናት፤ ጆሮዋ ከእጇ ይፈጥናል።

«ጋሽ ፈንታ ነዋ። እኔው ነኝ ያዘዝሁት። ሬሳው እንደተገኘ፣ ሰባት ከአሥር ቢሆን ነው፣ ‹ለመሪጌታችን አንድ ነገር ሥራላቸው› አልሁት። መብራት ሳይሄድ ልፍጠን ብሎ ወደ ክፍሉ ወጣ። መብራቱ ሰባት ተኩል ላይ ሄደ አይደል፣ እሱ ጨርሶ ወርዶ ነበር። ከዚያ በሱቁ ጀነሬተር አተመው።»

«በሃያ ደቂቃ?»

«እጁ መልአክ ያለበት ነው እባክሽ።»

ፈንታ የሰሌዳ ጸሐፊ ነው። ከአማኑኤል እስከ ማርቆስ ያለ መጠጥ ቤትና ፋርማሲ ስሙ የተጻፈው በእሱ ብሩሽ ነበር። ኮምፒውተር መጣና ብሩሹን አደረቀው፤ በሃምሳ ዓመቱ ደብተር ይዞ ተማሪ ሆነ። ቀብሩ ላይ ከሁሉ በላይ ያለቀሰውም እሱ ነው።

የብርጓል ከቀብር መልስ ዘበኛውን መንገድ ላይ ደረሰችባቸው።

«ጋሽ አበረ፣ እሑድ ምን አስፈጩ?»

«ስንዴ» አሉ ሳያስቡት። ከዚያ ቆሙ። ፊታቸው ከስንዴው ነጣ። «እንጀራዬን እንዳታስዘጊው፣ ልጄ። መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ቤቴ ዱቄት የለም። አገር ምድሩ ወፍጮው ላይ ተሰልፎ… አራት ከሩብ የሄድሁ ሰባት ሰዓት ተመለስሁ።»

«በሩስ?»

«ክፍት ነበር።»

«እንግዲህ ማንም አልገባም ያሉት ስላላዩ ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መብራት አሁንም የለም። መስኮቱ ላይ ደመናው ተለጥፎ የሰው ፊት ሁሉ አመድ መስሏል። ኮማንደሩ አበባውን በካቴና ይዞ መጣ፤ እናቱም ተከትለው በሩ ላይ ቆሙ። አሰገደችና ጋሽ አበረ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፈንታ በሷ ልመና የራሱን ጀነሬተር በራሱ ትከሻ ተሸክሞ አመጣና ሰባተኛው ኮምፒውተር ላይ አገናኘው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ፈንታ። ባነሩን የሠሩት እዚሁ ላይ ነው?»

«አዎ፤ እዚሁ።»

«ለምን በሱቅዎ አልሆነም?»

«የመሪጌታ ፊደል ያለው እዚህ ብቻ ነው። ሌላ ፊደል አይመጥናቸውም ብዬ።»

«ፋይሉን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

«ምን ገዶኝ» ብሎ ከፈተላት። ባነሩ ከጨለማው መስታወት ውስጥ ወጣ። የመሪጌታ ዓይን ክፍሉን በሙሉ አየ።

«ፊደሉስ የት አለ?»

ፈንታ ፈለገ። «ጠፍቷል። ማን እንዳጠፋው እንጃ።»

«ይቆየን። የመጨረሻ የተቀመጠበትን ሰዓት ያንብቡልኝ።»

ሳቅ አለ። «እትዬ የብርጓል፣ የነዚህን ውሸታም ሰዓት ማን ያምናል? ‹2002፣ የመጀመሪያው ቀን› ነው የሚለው።»

«ሰዓቱን አላስተካከሉም ማለት ነው።»

«ቸኩዬ።»

«እኔም ቸኩዬ ነበር የተሳቀብኝ» አለችና ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። «ይህ ሰዓት ውሸታም ነው፤ ሐሰቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። እንዲህ ያለውን ውሸታም እኔ ከሐቀኛ አስበልጬ እወደዋለሁ። መብራት በመጣባት ደቂቃ ከዜሮ ይነሣል፤ አንዲት ደቂቃም አይዘል። እሑድ መብራት የመጣው ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት ላይ» አሉ አሰገደችና አበባው በአንድ ድምፅ።

«ወፍጮው ምስክር ነው» አሉ ጋሽ አበረ።

«አስከሬኑ የተገኘው ሰባት ሰዓት ነው። ጋሽ ፈንታ ባነሩን የሠሩት ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ይህ ሰዓት ከሦስት ሰዓት በላይ ቆጥሮ ማግኘት ነበረበት። ኮማንደር፣ እስቲ ያንብቡት።»

ኮማንደሩ ጎንበስ አለ። «ከዜሮ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።»

«አራት ላይ አንድ ከአርባ ይጨምሩ።»

«አምስት ከአርባ።»

ኮማንደሩ ወደ ፈንታ ዞረ።

«አምስት ከአርባ ላይ» አለች የብርጓል፣ «በዚህ ከተማ የመሪጌታን ሞት የሰማ ጆሮ አልነበረም። ልጆቻቸው አልሰሙም። ዘበኛው ወፍጮ ቤት ተሰልፈዋል። ነፍስ ይማር ግን ተጽፎላቸው አልቋል፤ ሻማቸውም በርቷል። ከዓርብ በፊት ነው የተሠራ የሚል ካለ ደግሞ ባሰ፤ ያኔ ሰውየው ቆመው ይሄዱ ነበር። ከእሑድ ሰባት ተኩል ወዲህም እዚህ ክፍል መብራት አልነበረም። ይህንን ሊሠራ የሚችለው፣ ሬሳውን ሰው ከማግኘቱ በፊት ያየ ሰው ብቻ ነው።»

አሰገደች በአግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ከፈንታ ራቅ አለች።

«መሪጌታ ከራሱ አፍ ልስማ ያሉት እርስዎን ነው። መብራት ሲመጣ ፊደሉን ሊገለብጡ መጡ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ዘበኛ የለም። ተጠየቁ። የሆነው ሆነ። ከዚያ ወደ ታች አወረዷቸው፤ ባዶ እግር ያለው ሬሳ አላምር ብሎዎት ጫማ አደረጉላቸው። እዚያ ላይ ተሳሳቱ። ቀጥሎ ባነሩ። እሱን ግን እስካሁን አልገባኝም፤ ለምን ሰው እስኪያዝዝዎት አልጠበቁም?»

ፈንታ እጆቹን አየ። የቀለም ጠባሳ ከጥፍሩ ሥር አሁንም አልለቀቀም።

«መብራት ነው» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ወርዷል። «እንደሚሄድ አውቃለሁ። ባነር ሥራ ብላችሁ እንደምትመጡም አውቃለሁ። መብራት እያለ መሥራት ነው የለመድሁት… እጄ ዝም ብሎ ሠራው። እሳቸው እዚያ ወለሉ ላይ ሆነው።»

ሁሉም ሳያስቡ ወለሉን አዩ።

«መግደል አላሰብሁም። ‹ልጄ፣ ስምህን ጻፍበት፤ ግን የፊደሉ አባት ማን እንደሆነ ንገር› አሉኝ። ገፋኋቸው። የጠረጴዛው ጠርዝ…» አቋረጠ። «ሃያ አምስት ዓመት በብሩሽ ጻፍሁ፣ የብርጓል። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ ያጥበዋል። የእሳቸው ግን የማይጠፋ ሆኖ ሊቀር ነው። አንድ የማይታጠብ ነገር ላይ ስሜ እንዲኖር ፈለግሁ።»

ፊደሉን የገለበጠበትን ትንሽ ፍላሽ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኮማንደሩ ካቴናውን ከአበባው እጅ ፈታና ወደ ፈንታ አዞረው። የአበባው እናት የብርጓልን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፤ ነጠላቸውንም ወደ ወጉ መልሰው ለበሱ። ጋሽ አበረ፣ «እኔ በሩ ላይ ብኖር ኖሮ…» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መብራት ነበር። የብርጓል ጫማዋን ከደረጃው ግርጌ አውልቃ ወጣች፤ ከእሷ በፊት የአሰገደችና የአበባው ጫማ እዚያው ተደርድሯል። ሰባተኛው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ ምላሷን ነክሳ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ለፋች። አራት ማዕዘን ሣለች፤ አራቱም ማዕዘን ተሳካ። በመካከሉ በመሪጌታ ፊደል «አካለ ወልድ ዘዲማ ጸሐፎ»፣ የዲማው አካለ ወልድ ጻፈው፣ ብላ አሰፈረችና ለመምህሯ አስረከበች።

አበባው ሥራውን አየ፤ ከዚያ ቀኑን አየ። 2002 ይላል።

«ሰዓቱን አላስተካከልሁትም» አለች።

«አይቻለሁ፣ እትዬ» አለና ተቀበላት። «እንዳለ ይቆይ።»