የሰማታር የተቆለፈ እጅጌ

ሰማታር ዳዋ ወንዝ ዳር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ በመጥረቢያ ተከፍሏል፤ ከሥሩ ያለው ቀይ አሸዋ ግን ደም የጠጣ አይመስልም። ጫማው ጎኑ ተቀምጧል፤ እግሮቹ ታጥበዋል። አምስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ወንዙን ተከትሎ እየሄደ የውሃውን ከፍታ የሚለካ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከማንም የማይደርስ ሰው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ እንደ ከብት ያረዱት።

የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ሸዋርካብሽ ከነገሌ ስትደርስ የሚሊሻው አዛዥ ቢረሳው ገዳይ ያለውን ይዞ ጠበቃት። የሰማታር መንገድ መሪ ጉዮ ግራር ላይ ታስሯል፤ መጥረቢያው እግሩ ሥር ተጥሏል። ፊቱን በሰደፍ ቀጥቅጠውት አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል።

«ለሶላት ውዱ ሲያደርግ ከኋላው መጥቶ ጨረሰው» አለ ቢረሳው። «ስድስት ሰዓት ላይ እንረሽነዋለን። እርስዎ ፈርመው ይመለሱ።»

«አራት ሰዓት ነው ገና» አለች። ስትናደድ ድምጿ ይለሰልሳል፤ አሁን በጣም ለስልሷል። «ለመሆኑ ውዱ እንዴት ነው የሚደረገው?»

«እግራቸውን ታጥበው ይሰግዳሉ፤ ሌላ ምን አለው?»

አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የሸሚዙ እጅጌ እስከ አንጓው ተቆልፏል። የእግሩ ጥፍሮች ሥር ጥቁር ጭቃ ቀርቷል። ቀና ብላ ቁልቁል፣ ደንገል የዋጠውን ረግረግ አየች። ከዚያ ሁለቱን ፖሊሶቿን ጠርታ ወደዚያው ላከቻቸው።

የሰማታር ሚስት መሱዳ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ተቀምጣለች። «ትናንት ከሥራ ሲመጣ እህል አልቀምስም አለ» አለች። «‹ለጉዮ ከመንገሬ በፊት ለመንግሥት ሰው መንገር አለብኝ› አለኝ። ምኑን? ብለው ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ። ዛሬ ሲነጋ ብቻውን ወጣ።»

ወንድሟ ዓብዱልወሃብ ሳይጠየቅ ተናገረ። «ባለፈው ሳምንት ተጣልተን በጥፊ መትቼዋለሁ። አልክድም። ግን አልገደልኩትም።»

ሸዋርካብሽ ወደ ግራሩ ሄደች። «ናጋ ጉዮ?» ብላ ሰላም መሆኑን ጠየቀችው።

«ናጋ የለም አዴ። ሊገድሉኝ ነው።»

«ሌላ ቀን ሰማታር ውዱ ሲያደርግ አንተ የት ትሆናለህ?»

«አጠገቡ ነዋ! አዞ ይፈራል፣ ወንዙ ውስጥ አይታጠብም። ከጀሪካን የማፈስለት እኔ ነኝ። እጅ፣ አፍ፣ ፊት፣ ክንድ፤ ራሱን ያብሳል፤ እግር መጨረሻ።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሚሊሻዎቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። ሸዋርካብሽ ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰበችና ራሷ ጉዮ ፊት ቆመች።

«ገዳዩ ሰማታር ውዱ ላይ እንደነበር ሊያስመስል ፈልጓል» አለች። «እግር ከመታጠቡ በፊት ግን ክንድ እስከ ክርን ይታጠባል። የሰማታር እጅጌ አልተፈታም። ዓብዱልወሃብ ይህን አይስተውም። ጉዮም ውሃ ሲያፈስ ነው የኖረው። ውዱ ማለት እግር መታጠብ የመሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ቢረሳው ሳቀ። «በእጅጌ ሰው ይከሰሳል?»

«እግሩን ያጠብከው ጥቁር ጭቃ ስለነበረበት ነው። ጥቁር ጭቃ ያለው ረግረጉ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ ገድለህ ወደዚህ ያመጣኸው ረግረጉን ማንም እንዳይፈትሽ ነው።»

ፖሊሶቹ እስከ ወገባቸው ጭቃ ለብሰው ብቅ አሉ። የተሸከሙትን ሸራ መሬት ላይ ዘረጉት። የሰው አጥንት ነው። የራስ ቅሉ በጥይት ተበስቷል፤ የእጁ አጥንቶች በሽቦ ታስረዋል፤ አንደኛው ላይ የመዳብ አምባር አለ።

«ጋልጋሎ!» ጉዮ ጮኸ። «ወንድሜ ነው! ቢረሳው ለውትድርና ይዞት ሄዶ ‹ወደ ሞያሌ ጠፋ› አለን እኮ!»

«ሰማታር ትናንት ያየው ይህን ነው» አለች ሸዋርካብሽ። «ለመንግሥት ሰው ልንገር አለ። እዚህ ያለኸው የመንግሥት ሰው ደግሞ አንተ ነህ።»

ቢረሳው ከጎኑ ካለው ሚሊሻ ጠመንጃ ነጠቀ። ሸዋርካብሽ መሬት የወደቀውን የጉዮን መጥረቢያ አንስታ በጀርባው አንጓውን መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። ጥይቱ ከጉዮ ራስ በላይ ግራሩን ሰነጠቀ። ፖሊሶቹ ቢረሳውን ደፍተው ጠረነፉት።

ጉዮን ፈቱት። ነፃ ነህ ሲሉት የሰማም አይመስል። እየተንገዳገደ ሸራው ጋ ተንበረከከ።

«ሁለት ዓመት በየማለዳው በአጠገቡ አልፌያለሁ» አለ። «እናቴ ዛሬም ከሞያሌ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች።»

ሽቦውን ሊፈታ ሞከረ፤ ታስሮ የዋለው እጁ ደንዝዞ እምቢ አለው። መሱዳ የባሏን ሬሳ ትታ መጣች። አጠገቡ ተቀመጠችና የጋልጋሎን እጆች መፍታት ጀመረች።