ያልመጡት ስድስት ቀናት

ጆጉ ባዶ ነበር። ንድፍ አውጪዋ ይህን ያየችው ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። መምህሩ አንድ ጆግ ውሃ ለሁለት ቀን የሚያብቃቃ ሰው ነበር፤ እሷ ግን ምንም ሳትጠይቅ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ መለሰችለት። እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጁ ሊቀሰቅሰው ትከሻውን ነካ ሲያደርገው፣ አባትየው ወደ ጎን ተዘነበለ።

መርማሪዋ ስትደርስ ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የሟቹ ባለቤት፣ ፕሮግራም የሚጽፈው ልጃቸውና ንድፍ አውጪዋ። ከመምህሩ ጋር ሆነው የባዕድ ቋንቋ ቃላት የሚያስጠና የስልክ አፕ ሲሠሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሙ ነገሩን ቀድሞ ተናግሯል፤ ሰውየው የልብ መድኃኒቱን ከመጠን በላይ ወስዷል። ብልቃጡ ግን የለም።

«መድኃኒቱን ማን ነው የሚያመጣለት?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ» አለ ልጁ። «ዛሬ ጠዋት አመጣሁለት፤ ሠላሳ ፍሬ። በቀን አንድ ነው የሚውጠው፤ አፑ ‹እንደምን አደሩ› ሲለው። ራሱ ነው እንደዚያ የለመደው።»

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «አፑ ላይ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ አስመዘገበኝ። ንድፍ አውጪያችን ፊት ‹አባባ፣ ጭንቅላትህ አልቋል፤ ቤትህ ተቀመጥ› አልኩት።»

«አፉ ነው እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም!» አለች እናትየው፣ ማንም ሳይጠይቃት። ስልክ ሲጮህ ‹ልጄን መኪና ገጨው›፣ በር ሲንኳኳ ‹ፖሊስ መጣ› የምትል ሴት ናት። ዛሬ ፖሊስ በእውነት መጣ።

«እትዬ» አለች መርማሪዋ ለስለስ ብላ፣ «ከመጣሁ ጀምሮ ቦርሳዎን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፈዋል። ትንሽ አይከብድም?»

እናትየው ልጇን አላየችውም። ቦርሳውን ከፍታ ብልቃጡን አወጣች።

«ብልቃጡ ጎድሎ ሳየው... ያመጣው እሱ ነው፤ ተጣልተዋል... ምን ላድርግ?»

ልጁ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ።

መርማሪዋ ክኒኖቹን ቆጠረች፤ ሃያ ሦስት ናቸው። የሟቹን ስልክ አስከፍታ አየች። ቀጥላም የባለቤቱን ስልክ ተቀብላ አየች።

«እርስዎም በአፑ ይማራሉ?»

«እኔና እሱ በአንድ ቀን ነው የጀመርነው። አንድም ቀን አላጓደልንም።»

«ታዲያ የእርስዎ ስልክ ‹ቀን 205› ይላል፤ የሳቸው ደግሞ ‹ቀን 211›። ባልና ሚስት በአንድ ቤት እያደሩ አንዱ በስድስት ቀን ይቀድማል?»

መርማሪዋ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ከሠላሳ ክኒን ሰባት ጎድሏል» ስትል ቀጠለች። «አንዱ የዛሬ ነው። ስድስቱ ያልመጡት ቀናት ናቸው።» ወደ ልጁ ዞረች። «አፑ ላይ የተሳሳትነው ቃል በማግስቱ፣ ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ይመለሳል፤ አይደል? መመለሱን ለማየት እናንተ ሳምንት ትጠብቃላችሁ?»

«አንጠብቅም። ለሙከራ የያዝነው ስልክ ላይ ቀኑን እናሳጥረዋለን። ሃያ ደቂቃ አንድ ቀን ይሆናል።»

«በየሃያ ደቂቃውም ‹እንደምን አደሩ› ይላል። የሙከራ ስልኩ ላይ ብቻ?»

ንድፍ አውጪዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«የስልኮቹ ዝርዝር ላይ የሙከራ ስልኩ ከሳቸው ስልክ ቀጥሎ ነው ያለው። ተሳስቼ የሳቸውን ነክቼ ነበር። ያወቅኩት ከሞቱ በኋላ ነው፤ ቶሎ ብዬ ወደ ነበረበት መለስኩት። ልናገር አልኩና... አፈርኩ።»

«ውሸት!» አለ ልጁ። «ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ አደርኩ ብሎ ያምናል?»

«የሚረሳ ሰው ያምናል» አለች እናቱ። «ዓመት ሆነው። ‹ለልጁ እንዳትነግሪው፣ ይንቀኛል› አለኝ። ትናንት እንደዚያ ካዋረድከው በኋላ ‹ክኒኔን ውጫለሁ ወይ?› ብሎ ማንን ይጠይቅ? ከራሱ ይልቅ ስልኩን አመነ።»

ክኒኖቹን ሲያወርድበት ያለቀውን ጆግ ማን እንደሞላው መርማሪዋ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ንድፍ አውጪዋ ራሷ እያለቀሰች ተናገረች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ቃሏን ለመስጠት ከመርማሪዋ ጋር ስትወጣ እናትየው የንድፍ አውጪዋን ሻርፕ ከወንበሩ ላይ አንሥታ አቀበለቻት። አንዳቸውም ቀና ብለው አልተያዩም።

ሲመሻሽ እናትና ልጅ ብቻቸውን በሩ ላይ ቆሙ።

«እማዬ፣ ገደለው ብለሽ አስበሽ ነበር?»

አልዋሸችውም። «መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። እናትህ ሆኜ።»

«እኔስ ትናንት ለአባባ ያልኩት?» አለ ልጁ።

የቢሮው ቁልፍ አስቸጋሪ ነው፤ አንድ ሰው በሩን ካልሳበው አይዞርም። ልጁ መያዣውን በሁለት እጁ ሳበ። እናቱ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።