መሪው ላይ የተሰቀለው ቺንጋ

ባለጋራዡ የተገኙት ከልጃቸው አሮጌ ፒካፕ ፊት ለፊት በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ፊታቸውና ደረታቸው በፈላ ውሃ ተቃጥሏል። ብረት ማሰሪያው ሞርሳ ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። የመኪናዋ ኮፈን ተከፍቷል፣ የራዲያተሩ ክዳን ወለሉ ላይ ወድቋል። የመጣው ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚለው፦ ሽማግሌው ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን ከፈቱ፣ ውሃው ፈንድቶ ፊታቸውን መታቸው፣ ወደ ኋላ ሲወድቁ ሞርሳው ጨረሳቸው።

መርማሪው ግን ነገር እንዲህ ቶሎ ሲያልቅ ደስ አይለውም። ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ ስሙን ያወጡለት ለሙገሳ አልነበረም። የዚያን ዕለት ጠዋት ጉልበቱ ይቆረጥመዋል። የገዛ መኪናውም ዳገቱ ላይ ግላበት፣ እስክትበርድ መንገድ ዳር ተቀምጦ ነው የደረሰው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሟቹን ዝም ብሎ አያቸው። ሸሚዛቸው ነጭ ነው። እርጥበቱ ገና አልደረቀም፣ ውሃው ግን እድፍ አልተወበትም።

ልጅቷ ደጅ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። ለሚመጣው ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነው፣ ለሱም ያንኑ አለችው።

«እኔ ነኝ አባዬን የገደልኩት።»

የሆነውን ሳትደብቅ ነገረችው። ትናንት ከሰዓት የሙቀት መለኪያው ቀይ ውስጥ ሲገባ ማቆም ነበረባት፤ እሷ ግን ቸኩላ ነዳችው። ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ መኪናዋ በእንፋሎት ተሸፍና ነበር። አባቷ በሰው ፊት ሰደቧት፣ እሷም መልስ ሰጠች፣ ሳትሰናበታቸው ወጣች። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

«ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ምን ዓይነት ነው?»

«ዝገት ነው። ልብስ ከነካ አይለቅም። አባዬ እለውጠዋለሁ እያለ...»

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው ጎረቤትየው ጎሚስታ ነበር። ከሟቹ ጋር በቧንቧ ውሃ ይጣላል፣ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሱም አልካደም። ሊመሽ ሲል ጩኸት መስማቱን፣ ከማን ጋር እንደሆነ ግን አለማየቱን ተናገረ።

«ሽማግሌው ሲጮሁ መስማት ለኔ እንደ ሬዲዮ ነው» አለ። «ጆሮም አልሰጠሁት።» አንገቱን ደፋ። «ዛሬ ጠዋት ጸጥ ሲልብኝ ነው የገባሁት።»

የቀረው አጎቷ ነው፤ የእናቷ ወንድም፣ ጋራዡን ከሟቹ ጋር ከባዶ ያቋቋመ መካኒክ። ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ነበር የሚያወራው።

«ጥርሴን አሞኝ ከምሳ በፊት ነው የወጣሁት። መኪናዋ ስትመጣ እንኳ አልነበርኩም። ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሳይበርድ አይክፈቱ ብዬ።»

መርማሪው አመሰገነውና ጓዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ። የሻይ ማንቆርቆሪያው ባዶ ነው፣ ቂጡ ከስሏል። የመለዋወጫው መጋዘን ተቆልፏል። ቁልፉ አጎትየው አንገት ላይ ነው፤ ሽማግሌው ቁልፍ እየጣሉ ስላስቸገሩ ሌላ ሰው አይዝም። መጨረሻ ላይ ወደ ፒካፗ ውስጥ አንገቱን አስገባ። መሪው ላይ አንድ ቺንጋ፣ ያረጀ የሞተር ቀበቶ፣ ተንጠልጥሏል። ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፣ ውስጡ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ልጅቷን ጠርቶ ምን እንደሆነ ጠየቃት።

«የአባዬ ልማድ ነው። ያወጣውን እቃ እዚያ ይሰቅልና ለባለመኪናው ‹በሽታው ይሄ ነበር› ይለዋል። ስራውን ሳይጨርስ ግን አይሰቅልም።»

የተናገረችውን እሷ ልብ አላለችውም። እሱ ግን ያን ጊዜ ድካሙ ባሰበት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቆታልና።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሶስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው። የራዲያተሩን ክዳን ገጠመና ሞተሩን አስነሳ። የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ ወጣ፣ መሃል ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። ብዙ ጠበቁ፤ ንቅንቅ አላለም።

«ይህች መኪና ጤነኛ ናት» አለ ሞተሩን አጥፍቶ። «ትናንት ያጋላት ቬንትሌተሩንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ መንሸራተቱ ነው። አሮጌው ይኸው መሪው ላይ። አዲሱ ሞተሩ ላይ ታስሯል። ቺንጋ ደግሞ በጋለ ሞተር ላይ አይቀየርም፣ እጅ ይበላል። ሽማግሌው እስኪበርድ ጠብቀው፣ ቀይረው፣ ውሃ ሞልተው ጨርሰዋል። እንግዲህ ምን ፈነዳባቸው?»

ጎሚስታው ልጅቷን አያት። እሷ የምታየው መሪውን ነበር።

«ደግሞ ከዚህ ራዲያተር የወጣ ውሃ ቢሆን ሸሚዛቸው በዝገት ይበላሽ ነበር። የፈሰሰባቸው ንጹህ ውሃ ነው፣ ጓዳው ውስጥ ማንቆርቆሪያ ላይ የፈላ። ከወደቁ በኋላ ነው የተደፋባቸው።» ወደ አጎትየው ዞረ። «አዲሱ ቺንጋ ላይ ነጭ የቀለም ምልክት አለ። ማን ነው የሚቀባው?»

«እኔ» አለ አጎትየው በቀስታ። «መጋዘን ለሚገባ እቃ ሁሉ።»

«መኪናዋ የመጣችው ከሰዓት ነው። እርስዎ ከምሳ በፊት ከወጡ፣ መጋዘኑን ማን ከፈተላቸው?»

አጎትየው እጁን ከጉንጩ አወረደ። ለማስተባበልም የሚሆን ጉልበት ያለው አይመስልም። ልጅቷ ስትመጣ መጋዘኑ ውስጥ ስለነበር እንዳላየችው፣ ቺንጋውን ራሱ እንዳቀበላቸው፣ ስራውንም አብረው እንደጨረሱ ተናገረ።

«ሲሰቅሉትም አይቻለሁ። ዕድሜ ልኬን ሳየው ስለኖርኩ ይሆናል፣ ዓይኔ ዘለለው። ከዚያ እጃቸውን እየጠረጉ ‹ከነገ ጀምሮ ቁልፉን ለልጄ ስጣት፣ ጋራዡን ለሷ ትቻለሁ› አሉኝ። ሰድባ የሄደችዋን ማለታቸው ነው። የኔ ወጣትነት እዚህ ወለል ላይ አልቋል። ተጯጯህን፣ ገፋኋቸው። እገድላለሁ ብዬ አይደለም። ከዚያ... አደጋ ይባላል፣ ያልፋል አልኩ።»

«ጥፋቱ እሷ ላይ ሲወድቅስ?»

«እሷ ላይ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከጠዋት ጀምሮ ግን ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ስትል ሰምተዋል። አጠገቧ ቁጭ ብለው።»

አጎትየው የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ደጅ የቆሙት ፖሊሶችም እሱን ይዘው ወጡ። ጎሚስታው ከኋላቸው በሩን ገርበብ አደረገው።

ቺንጋው ማስረጃ ነበር፣ በከረጢት መታሸግ ነበረበት። መርማሪው ግን ከመሪው አውርዶ መጀመሪያ ለልጅቷ ሰጣት።

«በሽታው ይሄ ነበር» አላት። «አባትሽ ሊያሳዩሽ ነው የሰቀሉት። ተቀይመውሽ ቢሆን ኖሮ ስራሽን ለነገ ያሳድሩት ነበር።»

ቺንጋውን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሲበርድላት ቀና ብላ ጠየቀችው።

«የገደለው ወንድሟ መሆኑን ለእማዬ ማን ይነግራታል?»

መርማሪው ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። ተመልሶ ወንበሩን ሳበ።

«አብረን እንሄዳለን» አላት። «ትንሽ ጉልበቴን ላሳርፈው።»